ሰልፉና ስልኩ

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ሥዕል ትወዳለች። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሙዚየም ወሰድኳት። ሕዝቡ ግጥም ብሎ ነበር፤ ከፊታችን ያለው ሁሉ ስልኩን ሽቅብ ዘርግቶ ያነሳል። ልጄ አጭር ስለሆነች ያየችው የሰው ጀርባ ነው። ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ «እማዬ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ስልክ ላይ አለ» አለችኝ። ከመጋፋት ካርድ ሞልቼላት ቤቷ ሆና ብታይ አይሻልም?
አ. ነኝ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ አልተሳሳተችም። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የሬምብራንትን «የሌሊት ዘብ» በ717 ጊጋፒክስል (በ717 ቢሊዮን የምስል ነጥብ) አንስቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። እዚያ ድረስ የሄደ ጎብኚ በዓይኑ የማይደርስበትን የቀለም ስንጥቅ ልጅዎ ፒያሳ ቁጭ ብላ ታየዋለች። በዚህ ስልኩ ይበልጣል፤ አልከራከርም።

ስልክ የሚያጠፋው መጠንን ነው። «ሞናሊዛ» ቁመቷ 77፣ ወርዷ 53 ሴንቲ ሜትር ነው። «የሌሊት ዘብ» ደግሞ ወርዱ ብቻ 4.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስልክ ላይ ሁለቱም ከመዳፍ አይበልጡም። ሥዕል ሳስተምር ልጆቹን በሜትር እያስለካሁ የሥዕሎቹን ጠርዝ በጠመኔ ግድግዳው ላይ አስምራቸው ነበር፤ ሞናሊዛ ጋ ሲደርሱ «ይቺው ናት?» ማለታቸው አይቀርም። ቤት ውስጥ ይሞክሩት፤ ጠመኔው ግድግዳ ካበላሸ ፕላስተር ይለጥፉ።

ግፊያውን በተመለከተ፣ ሰው የሚተፋፈገው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ዙሪያ ነው። ሞናሊዛ ያለችበት የፓሪሱ ሙዚየም ሉቭር እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 8.7 ሚሊዮን ጎብኚ አስተናግዷል፤ አብዛኛው ለሞናሊዛ የሚተም ነው። በ2025 መጀመሪያ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለብቻዋ ክፍልና የተለየ ትኬት እንደሚኖራት ያሳወቁትም ለዚህ ነው። እኛም ጋ ብሔራዊ ሙዚየም የገባ ሁሉ መጀመሪያ ድንቅነሽን ፍለጋ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። (የሚታየው ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት ለብቻው ተጠብቆ ይቀመጣል። ይህን ሳያውቅ ስንቱ ፎቶ ተነሥቷል!) ሥዕሎቹ ካሉበት ፎቅ ሲደርሱ ግን መቆሚያ ቦታ አያጡም።

ቅዳሜን ይተዉትና ትምህርት በሌለበት የአዘቦት ቀን ስድስት ኪሎ ይውሰዷት። ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የቅዱሳት ሥዕላት ስብስብ አለው። ነጭ ልስን በተቀባ እንጨት ላይ የተሣሉ ናቸው፤ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፉም አሉ። ወደ ጎን ዞር ብላ የእንጨቱን ውፍረት ትመልከት። ፊት ለፊት ብቻ የተነሣ ፎቶ ይህን አያሳያትም።

ፎቶ ማንሣት በተፈቀደበት ቦታ አይከልክሏት፤ ግን ሙሉውን አታንሣ። ሊንዳ ሄንክል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሙዚየም ውስጥ አንድን ዕቃ ሙሉውን ፎቶ ያነሡ ሰዎች ዝም ብለው ካዩት ያነሰ አስታውሰዋል። አንዱን ክፍል አቅርበው ያነሡት ግን አልረሱም። ስለዚህ ከሥዕሉ አንድ እጅ ወይም አንድ ዓይን ብቻ ታንሣ። እኔ ብሆን እርሳስና ደብተር አስይዛት ነበር፤ ያረጀ የመምህር ጠባይ ነው።

ካርዱም እንደሚታሰበው ቶሎ አያልቅም። እነዚህ ትልልቅ ምስሎች ሲከፈቱ የሚጫነው ያጎሉት ክፍል ነው እንጂ ሁሉም በአንዴ አይወርድም። ጥቅሉን የሚበላው ምስል ስልኩ ላይ ማውረድ ነው፤ እሱን ዋይፋይ ካለው ዘመድ ቤት ስትሄዱ ታውርደው።