በማረጥ ጊዜ ለሚመጣው ሙቀት የቻይናዎቹ ዘዴ፦ የቱን እንሞክር? የቱን እንተው?

እህቴ፣ ዕድሜሽ ወደ 50 ከተጠጋ ይህን ስሜት ሳታውቂው አትቀሪም። ሙቀቱ ከደረት ይነሳና ወደ አንገትና ፊት ይወጣል። ላብ ያጠምቅሻል፣ ልብሽ ይመታል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ብርድ ብርድ ይልሻል። ሌሊት ከሆነ እንቅልፍ በዚያው ይጠፋል፣ ጠዋት ግን ሥራ አይቀርም። ብዙዎቻችን ይህን ለጓደኛም ለባልም አንናገርም። አረጀች እንዳንባል እንፈራለን። እኔ ይህን ጊዜ አልፌዋለሁና በግልጽ እናውራ።

በውጭ አገር በምንኖርባቸው ከተሞች የቻይና መድኃኒት የሚሸጥበት መደብር አይጠፋም። አንዷ ለሌላዋ እየነገረች ብልቃጥ ይዛ የምትወጣም አትጠፋም። ከቻይናዎቹ የምንማረው ጥሩ ነገር አለ። ሁሉም ግን እኩል አይደለም። በጣት የሚሠራውን በደስታ እመክራለሁ። የሚዋጠውን ግን ሐኪምሽ ሳያውቀው እንዳትነኪው።

ምክንያቱን ባጭሩ ልንገርሽ። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ፣ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት ተቆጣጣሪ በጥቂቱ የሚደነግጥ ይሆናል። ክፍሉ ትንሽ ሲሞቅ ሰውነት የጋለ ይመስለዋል። የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ በላብ ሊያበርድሽ ይሞክራል። የቻይናዎቹ ትምህርት ሌላ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የቆየው የሕክምና መጽሐፋቸው የሴትን ዕድሜ በሰባት በሰባት ይከፍላል፤ በ49 ወር አበባ ይቆማል ይላል። ያኔ ዪን የሚሉት አቀዝቃዥ ኃይል ይሳሳል፣ ያንግ የሚሉት ሙቀት የሚገታው አጥቶ ወደ ላይ ይወጣል ብለው ያስተምራሉ። ዪንን የሚያያይዙት ከኩላሊት ጋር ነው። ስለዚህ አንድ የቻይና ባለሙያ ኩላሊትሽ ደክሟል ቢልሽ አትደንግጪ። በላብራቶሪ የሚታየውን የኩላሊት በሽታ ማለቱ አይደለም።

አሁን ወደ ጣቱ እንምጣ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጪ። በእግርሽ የውስጥ ወገን ያለውን የቁርጭምጭሚት አጥንት ፈልጊ። አራት ጣቶችሽን አጋጥመሽ ከአጥንቱ በላይ ለኪ። እዚያ ከፍታ ላይ፣ ልክ ከቅልጥም አጥንቱ ኋላ፣ ስትጫኚው ጠዝጠዝ የሚል ቦታ አለ። ሳንዪንጂያው ይሉታል፤ በሴቶች ጉዳይ በጣም የሚጠቀሙበት ነጥብ ነው። ከዚያ ወደ ታች ውረጂና በቁርጭምጭሚቱ አጥንትና በተረከዙ ጅማት መካከል ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ያዢ። ይህ ታይሺ ነው፤ ዪንን ይመግባል ይላሉ። ለሌሊት ላብ ደግሞ ዪንሺ አለ። መዳፍሽን ወደ ላይ አዙሪ፤ በትንሿ ጣት ወገን፣ ከእጅ አንጓው መስመር የአውራ ጣት ስፋት ግማሽ ያህል ወደ ክርን ከፍ ብሎ ታገኚዋለሽ።

እያንዳንዱን በአውራ ጣት ቀስ ብለሽ ተጫኚ። 1 ወይም 2 ደቂቃ ይበቃል። ትንፋሽሽን እያረዘምሽ፣ ስልኩን አርቀሽ፣ በግራም በቀኝም አድርጊው። ቆዳው እስኪበልዝ መጫን ምንም አይጨምርም። ሁለት ነገር ግን አትርሺ። ወር አበባሽ መጣ ቀረ እያለ ከሆነ አሁንም ልታረግዢ ትችያለሽ፤ ከጠረጠርሽ ሳንዪንጂያውን ተዪው፣ በእርግዝና ጊዜ አይነካም ይላሉ። አንዱ እግርሽ ብቻ አብጦ፣ ግሎ የሚያምሽ ከሆነ ደግሞ አትሺው። የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ይሠራል ወይ? በፈረንጆቹ 2016 ይፋ በሆነ የአውስትራሊያ ጥናት 327 ሴቶች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ እውነተኛ አኩፓንክቸር፣ ማለትም እንዲህ ያሉ ነጥቦችን በጣት ሳይሆን በቀጭን መርፌ የሚወጋው የቻይና ሕክምና ተደረገላቸው፣ ግማሾቹ ቆዳ በማይወጋ መርፌ ታከሙ። የሁለቱም ሙቀት በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። መርፌው ራሱ ብልጫ አላሳየም። የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ማኅበርም በ2023 መመሪያው አኩፓንክቸርን ለዚህ ሙቀት አልመከረም። እኔ ከዚህ የምረዳው እረፍቱ፣ ንክኪውና ጸጥታው ራሱ ሰውን ቀለል እንደሚያደርግ ነው። ለዚያ ለዚያ የራስሽ ጣት እያለ በየሳምንቱ ብዙ ዶላር አውጪ አልልሽም።

ወጥ ቤት ውስጥም ሥራ አለ። ቻይናዎቹ ሙቀት ይጨምራሉ የሚሏቸው የበግ ሥጋ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋና የሚያቃጥል ቅመም ናቸው። የኛን ማዕድ የሚዘረዝሩ ነው የሚመስለው! በርበሬ ጨርሰሽ ተዪ አልልሽም። ግን ማታ ማታ አልጫ አድርጊው፣ ሚጥሚጣውን ለቀን አቆዪው። ጠጅና ወይን ሙቀቱን የሚቀሰቅሱባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ትኩስ መጠጥም እንዲሁ። ቡናሽን በረድ አድርገሽ ጠጪ፣ ከሰዓት በኋላ ባይሆን ይሻላል። ቻይናዎቹ በበጋ የሚጠጡት የማሾ ሾርባ አለ። ያው ሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚበቅለው ማሾ ነው። አጥበሽ በብዙ ውኃ ቀቅዪው፣ ለብ ሲል ጠጪው። የማረጥን ሙቀት እንደሚያጠፋ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ግን ምግብ ነው፣ ለጾምም ይሆናል።

አሁን የሚያሳስበኝ ነገር፣ ብልቃጡ። ዳንግ ጉዪ የተባለው ሥር ለሴቶች ሁሉ መድኃኒት ነው እየተባለ ይሸጣል። በ1997 በወጣ ጥናት ለብቻው ሲወሰድ ከባዶ ክኒን አልተሻለም። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለምትወስድ ደግሞ ደም ሊያፈሳት ይችላል። ጎጂ ቤሪ የሚባለው ቀይ ፍሬም ከዋርፋሪን ጋር አይስማማም። ሄ ሾው ዉ የሚሉት ለጸጉርና ለጉልበት የሚሸጠው ሥር ጉበትን ሲጎዳ ተመዝግቧል። አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ ያለባቸው ዕፀዋት በ1990ዎቹ ቤልጂየም ውስጥ ለመክሳት ብለው የወሰዷቸውን ሴቶች ኩላሊት አጥፍተዋል። የተፈጥሮ ነው ሲባል አይጎዳም ማለት አይደለም። የጡት ካንሰር ታሪክ ካለብሽማ ጨርሶ በራስሽ አትጀምሪ። ቀድመሽ የጀመርሽው ካለ የብልቃጡን ፊትና ጀርባ በስልክሽ አንሺና ለሐኪምሽ ወይም ለፋርማሲስትሽ አሳዪ።

የሌሊት ላብን ሁሉ ደግሞ በማረጥ አታሳብቢ። አገር ቤት ደርሰሽ ከመጣሽ በኋላ ትኩሳት ከያዘሽ የወባ ምርመራ ሳትውዪ ሳታድሪ ጠይቂ። ሳል ካለ፣ ክብደትሽ ከቀነሰ፣ ቲቢ መታየት አለበት። የታይሮይድ ዕጢ መታወክም እንዲህ ላብ ያመጣል። ወር አበባ አንድ ዓመት ሙሉ ቆሞ እንደገና ደም ካየሽ፣ ጠብታም ብትሆን፣ ቀጠሮ ያዢ።

ሌሊትሽን እየበጠበጠ ከሆነም ዝም ብለሽ አትቻዪ። በ2015 ይፋ የሆነ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ሙቀቱ በአማካይ ከ7 ዓመት በላይ፣ በጥቁር ሴቶች ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ እንደሚቆይ አሳይቷል። ይህን ያህል ጊዜ እንቅልፍ አጥቶ መኖር ምን አመጣው? ለሚስማማት ሴት የሆርሞን ሕክምና አለ። ሆርሞን ለማይሆንላት ፌዞሊኔታንት የተባለ ክኒን በ2023 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ የጉበት ምርመራ ይጠይቃል።

ስትሄጂ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ። ስለ ወር አበባና ስለ መኝታ በልጅ አፍ የሚነገር ነገር ግማሹ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮውን ስትይዢ ገና በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጊ ተናገሪ፤ ሴት ብትሆንልሽ ከመረጥሽ ያንንም ጠይቂ።