«ወንድ አንድ ሰው ሞተ»፦ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስና ስለ ቃል ግጥም ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ በጦርነት የተሸነፉ ንጉሥ በቃል ግጥም ከአሸናፊዎቻቸው በላይ እንዴት ገነኑ?

መልስ፦ ሁላችንም ከምናውቀው ስንኝ እንነሣ፦ «መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤ የሴቱን አናውቅም፣ ወንድ አንድ ሰው ሞተ።» ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አጠገብ፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች በእንግሊዝ ጥይት ረግፈዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው የሞቱት ደግሞ ሚያዝያ 6 ነው። ግጥሙ ያን ሁሉ ሬሳ አልፎ አንድ ሰው ብቻ ይቆጥራል። ቴዎድሮስ የገዘፉት አንድም የተጋነነ ቃል ሳይነገርላቸው፣ በዙሪያቸው የነበረው ሰው ሁሉ ከስንኙ ስለ ወጣ ነው። ነገር ግን አደራ፣ ግጥምን ለውጊያው ማስረጃ አድርጋችሁ አትጥቀሱ።

ጥያቄ፦ ገጣሚው ማን ነው?

መልስ፦ ሕዝብ ነው።

ጥያቄ፦ የፈረስ ስም በፉከራ ውስጥ ምን ሥራ አለው?

መልስ፦ ብዙ ዘመን የደከምሁበት ጉዳይ ይህ ነው። ፎካሪ ንጉሡን «አባ ታጠቅ» ሲል በፈረሳቸው ስም እየጠራቸው ነው፤ «ታጠቅ» ግን ትእዛዝም ስለሆነ፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር የሚሰማው ሁሉ መሣሪያውን እንዲያነሣ ይታዘዛል። የዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»ም እንዲሁ ትእዛዝ ነው፤ የዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ግን የተፈጸመ ዳኝነትን ይናገራል። «ቴዎድሮስ» የሚለው ስም ራሱ የትንቢት ስም ነበር፤ ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ፣ ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ይመጣል ያለውን ንጉሥ ስም ይዘው ነው የተነሡት። አዝማሪው ከዚህ ተነሥቶ መግጠም አልከበደውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ግጥሙን የገጠመው አዝማሪ ማን ይባላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ እባካችሁ ያለፈውን አንብቡ።

አንድ አባል፦ ጎንደርን ያቃጠለ ንጉሥ እንዴት ይወደሳል?

ሌላ አባል፦ አገር አንድ ለማድረግ የደከሙትንስ ለምን ይረሳሉ?

መልስ፦ ይህ ክርክር ስለ ንጉሡ ሥራ ነው፤ የተጠየቅሁት ስለ ግጥሙ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሚያዝያ 2 ቀን፣ እዚያው መቅደላ ሥር በእስላምጌ፣ በንጉሡ ትእዛዝ እስረኞች ከነሕይወታቸው ወደ ገደል ተወርውረዋል። ያ ጩኸት በዚህ ስንኝ ውስጥ የለም። ግጥምን እንደ ታሪክ ሰነድ አትጥቀሱ የምለው ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ሌሎቹ ነገሥታትስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ስለ የትኛው ንጉሥ፣ ስለ የትኛው ግጥም? ስንኙን ጽፈው ይጠይቁኝ።