«ድርቆሽ»፣ «ገለባ» እና «ጭድ»፦ አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከዚሁ ከጅማ ነው። ለወተት አምራቾች ማኅበር የሚሆን አጭር የከብት አመጋገብ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስንመልስ «ሄይ» የሚለው ቃል አከራከረን። እኔ «ድርቆሽ» አልሁ፤ አንዱ ባልደረባዬ «ገለባ» ቢባል ሁሉም ይረዳዋል አለ፤ ሌላዋ ደግሞ ድርቆሽ የእንጀራ ስለሆነ «ደረቅ ሳር» ይሻላል ብላ ተከራከረች። የማንኛችን ይጽደቅ? ጭድስ ከእነዚህ በምን ይለያል?

መልስ፦ እርስዎ የመረጡት ቃል ትክክል ነው፤ «ሄይ» በአማርኛ ድርቆሽ ነው። ይሁንና ባልደረቦችዎ ያነሷቸው ሐሳቦች እንዲሁ የሚታለፉ አይደሉም፤ መመሪያውን የሚያነበው ሰው በቃሉ ተመርቶ መኖ የሚገዛ ነውና ነገሩን ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል።

ድርቆሽ «ደረቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ነው፤ ነገር ግን የደረቀ ሁሉ ድርቆሽ አይባልም። ድርቆሽ የሚባለው ሰው አስቦበት፣ ለክፉ ቀን እንዲቆየው ብሎ ያደረቀው ነው። ሣሩ ገና ለምለም ሳለ፣ ማበብ ሲጀምር ይታጨዳል፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እየተገላበጠ ይደርቃል፤ እርጥበቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲወርድም ይከመራል ወይም እየታሰረ ይቀመጣል። ከዚህ በላይ እርጥበት ይዞ የተከመረ እንደሆነ ይሻግታል። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር ይህ ሥራ ምን ያህል ብልሃት እንደሚጠይቅ አርቢው ያውቀዋል፤ ክረምቱ ሳይወጣ ያጨደ ሰው ሣሩ ይበሰብስበታል፣ ዝናቡ ጨርሶ እስኪያባራ የጠበቀ ደግሞ ሣሩ አርጅቶና ጠንክሮ ያገኘዋል።

«ደረቅ ሣር» የሚለው ሐረግ የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው። በበጋ በሜዳው ላይ እንደቆመ ፀሐይ የመታው፣ ፍሬውን አራግፎ የነጣው ሣርም ደረቅ ሣር ነው፤ ድርቆሽ የሚለው ግን የለም። በእኛ አካባቢ አማርኛንና አፋን ኦሮሞን እኩል የሚናገረው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ሐረጉ ምናልባት «መርጋ ጎጋ» ከሚለው የኦሮምኛ ስያሜ ተወስዶ ይሆናል። መርጋ ሣር፣ ጎጋ ደግሞ ደረቅ ማለት ነው፤ ስያሜው በአፋን ኦሮሞ ሥራውን በሚገባ ይሠራል። አማርኛ ግን ለዚሁ ነገር ራሱን የቻለ ቃል ስላለው ሐረጉን ቃል በቃል መመለስ አያስፈልግም፤ ቢመለስም ትርጉሙ ይሰፋና ሜዳ ላይ ቆሞ የደረቀውንም ይጨምራል።

ድርቆሽ የእንጀራም ስም መሆኑ እውነት ነው። እንጀራው ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከረር ብሎ ሲደርቅ ይቀመጣል፣ ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል፣ ሲፈለግም በወጥ ርሶ ፍርፍር ይወጣዋል። እኔ ግን ይህን የቃሉ ጉድለት አድርጌ አላየውም፤ እንዲያውም ትርጉሙን ያጠናክርልኛል። እንጀራውም ሆነ ሣሩ በደህናው ጊዜ፣ ሳይበላሽ፣ ሆን ተብሎ ለኋላ የደረቀ ነው። «ለላሞቹ ድርቆሽ ጨመርሁላቸው» ያለን ሰው ስለ እንጀራ ይናገራል ብሎ የሚጠረጥር አይኖርም። ስጋቱ ካልለቀቃችሁ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ «የሣር ድርቆሽ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ወዲያ «ድርቆሽ» ብቻ ይበቃል።

አሁን ወደ ገለባ እንምጣ፤ በእኔ አስተያየት እውነተኛ ጉዳት የሚያስከትለው ስሕተት ይህ ነው። ገለባ የእህል ትራፊ ነው። ጤፉ፣ ስንዴው ወይም ገብሱ ለፍሬው ተብሎ ይዘራል፤ ፍሬው ሲበስል የተክሉ ጉልበት ወደ ፍሬው ይሄዳል፤ አውድማ ላይ ተበራይቶ ፍሬው ሲወሰድ የሚቀረው ገለባ ይባላል። ስለዚህ ገለባ ሁልጊዜ ከፍሬ ጋር እየተነጻጸረ የሚነገር ቃል ነው፤ ቁም ነገር የሌለውን ንግግር «ገለባ ነው» የምንለውም፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ስንዴው ወደ ጎተራ ሲገባ ገለባው ለእሳት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ድርቆሽ ግን ፍሬ ያልተወሰደበት፣ ራሱ የተፈለገ ነገር ስለሆነ እንዲህ ባለ ንግግር ውስጥ አይገባም።

ጭድ ከገለባ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ብዙ ሰው አንዱን በሌላው ቦታ ይናገራል፣ ያም ስሕተት ነው አልልም። ልዩነት ይፈለግ ከተባለ፣ ገለባ ፍሬ ያልሆነውን ሁሉ በጅምላ ሲጠራ፣ ጭድ በበሬ ኮቴ ተረግጦ የደቀቀውን፣ ለሥራ የሚውለውን ያመለክታል። ግድግዳ ሊመርግ የተነሣ ሰው ከጭቃው ጋር የሚያቦካው የጤፍ ጭድ ነው፤ «ገለባ አምጡልኝ» ሲል አይሰማም። የማይስማሙ ሰዎችም «እሳትና ጭድ» ናቸው እንጂ «እሳትና ገለባ» አይባሉም። በአፋን ኦሮሞም ጪዲ ስለሚባል በጅማ ገበያ ቃሉ ለማንም እንግዳ አይሆንም። በመንሽ ሲበተን ነፋስ የሚወስደው ብናኝ እብቅ ነው፤ የበቆሎና የማሽላ ግንድ ደግሞ አገዳ ነው።

ጭድንና ድርቆሽን በእጅ ይዞ ላየ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። የጤፍ ጭድ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ቢጫማና የተሰባበረ ነው። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ጨርሶ አልለቀቀውም፤ ቅጠሉ ከአገዳው አልተለየም፤ ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት የሣር ጠረን ይሰጣል። የመኖነቱም ነገር እንዲሁ ይለያያል፤ የእህል ገለባ የፕሮቲን መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 በመቶ አይበልጥም፣ በወቅቱ ታጭዶ በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ግን ከዚህ የተሻለ ይይዛል። መመሪያው ለምታለብ ላም ይህን ያህል ኪሎ ድርቆሽ ይሰጣት ብሎ ሳለ ተርጓሚው «ገለባ» ብሎ ቢጽፍ፣ አርቢው የታዘዘውን በትክክል ፈጽሞ ወተቱ ይቀንስበታል፤ ጥፋቱንም በላሟ ላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በመመሪያችሁ ውስጥ ድርቆሽን ለታጨደው ሣር ብቻ፣ ገለባን ወይም ጭድን ለእህሉ ትራፊ ብቻ አውሉ፤ ለሁለቱም የሚሆን የወል ስም ባስፈለገ ጊዜ «ደረቅ መኖ» በሉ።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልጨምር። በጥያቄዎ «ሳር» ብለው ጽፈዋል። ግእዙ «ሣዕር» ስለሆነ እኔ በንጉሡ «ሠ» «ሣር» ብሎ መጻፉን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን «ሳር»ም በዛሬው ጽሑፍ የተለመደ ነውና አንዱን መርጣችሁ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በዚያው ጽኑ።