አጥቂው «አለፈ» ወይስ «ተሻገረ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከጓደኛዬ ጋር የአይስ ሆኪ ጨዋታ እያየን ተከራክረን ሳንግባባ ቀረን። አጥቂው አንድ እግሩ ወደ ማጥቂያው ክልል ከሚያስገባው ሰማያዊ መስመር ወዲያ፣ ሌላው እግሩ ገና መስመሩ ላይ ሳለ ፐኩ (እንደ ኳስ በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) ገባ። እኔ «መስመሩን አልፏል፣ ከጨዋታ ውጭ ነው» አልኩ፤ እሱ «አላለፈም» አለ። ሕጉን ሊያስረዳኝ ሲሞክርም «ፐኩ ሳይገባ ከገባ ኦፍሳይድ ነው» አለኝና ጭራሽ ግራ አጋባኝ። ለመሆኑ በአማርኛ እንዴት ቢባል ነው የሚያግባባው? «ከጨዋታ ውጭ» ነው ወይስ «ኦፍሳይድ» የሚባለው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ዳኝነቱን ልስጥ፤ ጓደኛዎ ልክ ናቸው። በአይስ ሆኪ የሚዳኘው እግር ነው። በእግር ኳስ የአጥቂው ጭንቅላት ወይም ጉልበት ቀድሞ ቢገኝ ሊያስይዘው ይችላል፤ እዚህ ግን ዱላው፣ እጁም ሆነ ደረቱ ቢቀድም አይቆጠርም። ኦፍሳይድ የሚሆነው ፐኩ መስመሩን ጨርሶ ከመግባቱ በፊት የአጥቂው ሁለቱም እግሮች መስመሩን ጨርሰው ከገቡ ነው። አንዱ እግር ከቀረ ኦፍሳይድ የለም።

ክርክሩን ያመጣው ግን ግሱ ይመስለኛል። «አለፈ» ሰፊ ግስ ነው። ሰው በደጃችን ያልፋል፣ ፈተና ያልፋል፣ ጊዜም ያልፋል። ስለ መስመር ስናወራም ገና እግሩን ወዲያ ላሳረፈውም፣ ሙሉ በሙሉ ወዲያ ማዶ ለሆነውም «አለፈ» እንላለን። እርስዎ የፊተኛውን እግር አይተው «አልፏል» አሉ፤ ጓደኛዎ የኋለኛውን አይተው «አላለፈም» አሉ። በቋንቋው በኩል ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። «ተሻገረ» ግን እንዲህ አይለጠጥም። ወንዝ መሃል ቆሞ ውሃው ጉልበቱ ላይ የደረሰ ሰው «እየተሻገርኩ ነው» ይላል እንጂ «ተሻገርኩ» አይልም። ተሻገርኩ የሚለው ሁለቱም እግሮቹ ማዶ ሲያርፉ ነው። የሆኪው ሕግ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ሰማያዊው መስመር ራሱ እንደ ክር የቀጠነ አይደለም፤ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። እኔ የበር ደፍ አድርጌ አስበዋለሁ። አንድ እግሩ እልፍኝ ውስጥ፣ ሌላው ደፉ ላይ ያለ ሰው ገብቷል ወይስ አልገባም? «ገባ» ብንልም «አልገባም» ብንልም ያከራክራል፤ «ደፉን አልተሻገረም» ካልን ግን የሚከራከር የለም።

አንዳንዶች «መስመሩን ረግጧል» ማለት ይቀናቸዋል። ጥሩ አማርኛ ነው፤ ለብዙ ዘመንም ከሕጉ ጋር ይሄድ ነበር፤ የኋላ እግር በረዶውን ካልነካ አይቆጠርም ነበርና። የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ኤን ኤች ኤል ግን ከእ.ኤ.አ. 2020-21 የውድድር ዘመን ጀምሮ ይህን ለውጧል። አሁን እግሩ አየር ላይ ቢሆንም ከመስመሩ በላይ እስካለ ድረስ ተጫዋቹ ኦፍሳይድ አይደለም። አየር ላይ ያለ እግር ደግሞ ረገጠ አይባልም። «አልተሻገረም» ለረገጠውም ላልረገጠውም ስለሚሆን እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ወደ ጓደኛዎ ዓረፍተ ነገር ልምጣ። «ፐኩ ሳይገባ ከገባ» ሲባል ማን ነው የገባው? ሁለቱም ግሶች በወንድ ፆታ ስለተነገሩ ባለቤቱ ይምታታል። መፍትሔው በእጃችን ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ኳስን በሴት ፆታ ይጠራሉ፤ «ኳሷ ወጣች» ይላሉ። ፐክም ያው ናትና «ፐኳ» እንበላት። «ፐኳ ሳትገባ ከገባ» ሲባል ማን እንደገባ ጥያቄ አይነሳም። አንዲት ፊደል ስንቱን ታጠራለች!

«ሳትገባ» ራሱ ግን አሁንም አንድ ቀዳዳ አለበት። ጭራሽ ያልገባችውንም ይጨምራል። ፐኳ መሃል ሜዳ ከቀረች፣ አጥቂው ቀድሞ መግባቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ የሚያስጠይቀው እሷም ተከትላ ስትገባ ነው። ስለዚህ «ፐኳን ቀድሞ የተሻገረ» ቢባል ይሻላል። ቀደመ ካልን ቀዳሚም ተከታይም አለ።

«ከጨዋታ ውጭ» የሚለውን ለእግር ኳስ አልቃወምም፤ ተለምዷል። እዚያም ቢሆን «በጉዳት ከጨዋታ ውጭ ሆነ» ከሚለው ጋር ይጋጫል፤ ግን አውዱ ያድነዋል። በሆኪ ግን አያድነውም። በሆኪ ጥፋት የሠራ ተጫዋች ከበረዶው ወጥቶ ብዙውን ጊዜ 2 ደቂቃ የቅጣት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ እውነተኛው ከጨዋታ ውጭ ያ ነው። ይባስ ብሎ በኤን ኤች ኤል አሠልጣኝ «ይህ ጎል ኦፍሳይድ ነበረበት» ብሎ ቪዲዮ አስይቶ ካልተሳካለት ቡድኑ ላይ የ2 ደቂቃ ቅጣት ይጣላል። ይህን ሁሉ በአንድ «ከጨዋታ ውጭ» ለመተረክ ይሞክሩ፤ ሰሚው መውጫ ያጣል። በሆኪ «ኦፍሳይድ» ይባል። ቃሉ ከኳሱ ሜዳ ተዋውቆናል፣ አፋችንም ለምዶታል።

ስለ አንድ ነገር ደግሞ ሳይጠይቁኝ ልጨምር። አጥቂ ቀድሞ ገብቶ ፐኳ ብትከተለውም አጥቂዎቹ እስካልነኳት ድረስ የመስመር ዳኛው ወዲያው ላይነፋ ይችላል፤ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ይጠብቃል። ይህን «የዘገየ ኦፍሳይድ» ሲሉ ሰምቻለሁ። የዘገየ ግን አርፍዶ የመጣ ነው፤ እዚህ ያረፈደ ነገር የለም፣ ውሳኔው ነው የቆየው። በስብሰባና በችሎት «ጉዳዩ በይደር ተያዘ» እንደምንለው «በይደር የተያዘ ኦፍሳይድ» ብንለውስ? አጥቂዎቹ ሁሉ ተመልሰው ሰማያዊውን መስመር ሲነኩ ዳኛው እጁን ያወርዳል፤ ይደሩ ተነሣ ማለት ነው፣ ጨዋታው ይቀጥላል።