ያልጠራነው ሞገድ፦ ኮምቦልቻ ለምትማሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ያን ዕለት ደሴ ድረስ ልትጠይቁኝ ስትመጡ አንዳችሁ፣ «ካቪቲ ውስጥ የምንፈልገውን አንድ ሞገድ በትክክል ከሠራን ስለሌሎቹ ምን አስጨነቀን?» አላችሁ። በቅጡ ሳልመልስ ሸኘኋችሁ፤ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ካቪቲ ማለት ኤሌክትሮኖች ሲያልፉበት የሬዲዮ ሞገድ እየገፋ የሚያፈጥናቸው ባዶ ዕቃ ነው። ኒዮቢየም ከሚባል ብረት ተሠርቶ በ2 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ፈሳሽ ሂሊየም ሲነከር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ሱፐርኮንዳክተር ሆነ የምንለው ያኔ ነው። በ1.3 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ጥሩ ካቪቲ አንዴ ከተመታ ከአንድ ሰከንድ በላይ ያስተጋባል፤ የመዳቡ በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ዝም ይላል። በረከቱም መዘዙም ይኸው ነው። የሚያልፈው የኤሌክትሮን መንጋ ራሱ ካቪቲውን እንደ ደወል ይመታዋል፤ ያልጠራናቸውን ከፍ ያሉ ሞዶች፣ ማለትም ካቪቲው በየራሳቸው ድምፅ የሚያስተጋባቸውን ሌሎች የሞገድ ዓይነቶች፣ ይቀሰቅሳል። ሃምቡርግ ባለው የአውሮፓ የኤክስሬይ ሌዘር ቀጣዩ መንጋ በ220 ናኖ ሰከንድ ውስጥ ሊከተል ይችላል። የፊተኛው የተወው ሞገድ ገና ስላልበረደ ኋለኛውን ወደ ጎን ይገፋዋል።

ክራር የሚገርፍ ሰው አይታችኋል። ቀኝ እጁ አውታሮቹን ሁሉ ሲመታ የግራ ጣቶቹ የማይፈልጋቸውን ያፍናሉ፤ ባቲውም አምባሰሉም ጠርቶ የሚሰማው በእነዚያ ጣቶች ነው። እኛ ግን ካቪቲው ውስጥ ጣት ብናስገባ ዋናውንም ሞገድ እንገድለዋለን። ስለዚህ ከጫፎቹ ቱቦ ላይ አንቴና ተክለን ላልጠራነው ሞገድ መውጫ እንሰጠዋለን፤ ዋናውን ባለ 1.3 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ወደ ውስጥ የሚመልስ ማጣሪያም እናበጅለታለን። ወደ ጎን የሚገፉት ሞዶች ጥንድ ጥንድ ስለሆኑ፣ አንዱ ቁመቱን ሌላው አግድሙን ስለሚይዝ፣ አንድ አንቴና አንዱን ሊስት ይችላል። ሁለት አንቴና በማዕዘን አዛንፈን የምንተክለው ለዚህ ነው። መሀል ላይ ታስሮ ጫፍ የማይደርስ ሞድም አለ። እኔን ዕድሜ ልኬን ያስፈራኝ ይኸኛው ነው።

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ማጣሪያውን በክፍል ሙቀት አስተካክዬ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሜ ሳልለካው ተውኩት። ብረቱ ሲኮማተር ማጣሪያው ከቦታው ሸሸ፤ ዋናው ሞገድ በአንቴናው ሾለከ፤ ጫፉ ሞቆ ሱፐርኮንዳክተርነቱን አጣ። አሙቆ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ ለማቀዝቀዝ ሳምንታት ፈጀ። የባልደረቦቼ ድካም እስካሁን ይቆጨኛል።

አብሽሩ፤ ኒዮቢየም የለንም ብላችሁ አትቀመጡ። ከመዳብ ላሜራ ትንሽ ካቪቲ ሥሩ፤ ሁለት የሽቦ አንቴና ክተቱበት። ከምትፈልጉት ሞድ በላይ ያሉትንም አንድ በአንድ መዝግቡ። ከዚያ አንቴናውን ሩብ ዙር አዛውራችሁ ደግማችሁ ለኩ። መዝገቡን ይዛችሁ ኑ፤ በመጀመሪያው ልኬት ከተሰወረባችሁ ሞድ እንጀምራለን።