ከስሙ በፊት ካውንቲውን፦ በአሜሪካ ገጠር የታሰረ ሰው ስለማፈላለግ ጥያቄና መልስ

የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ሳይሆን ሀይዌይ ዳር ባሉ ትንንሽ ካውንቲዎች (በስቴት ሥር ያሉ፣ ወረዳ መሰል አስተዳደሮች) ነው። የትራክ ሥራ ልጆቻችንን በየአገሩ ስለበተናቸው "ስልኩ ተዘግቷል፣ ታስሯል ይባላል፣ የት እንፈልገው?" የሚል ጥያቄ አይቀርልኝም። ዛሬ የመጡትን እዚሁ ልመልስ። ጠበቃ አይደለሁም። የምነግራችሁ መዝገቡ የት እንዳለና እንዴት እንደሚገኝ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

ባለቤቴ ከዳላስ ወደ ካሊፎርኒያ ጭነት ይዞ ወጣ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ስልኩ አይሠራም። ምዕራብ ቴክሳስ ላይ ፖሊስ አስቆመው ብለውኛል። ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ አይዞሽ። ከስሙ በፊት ካውንቲውን እንፈልግ። ሰው መጀመሪያ የሚገባው በተያዘበት አካባቢ ጄል ነው፤ ዳላስ መኖሩ ለውጥ የለውም። ያስቆመው የስቴት ፖሊስ ቢሆንም ይዞት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ካውንቲው ጄል ነው። ቴክሳስ ብቻውን 254 ካውንቲ ስላለው በግምት መደወል አያዋጣም። ጭነት የሚመድብለትን ሰው፣ ዲስፓቸሩን፣ ያዢው። ትራኩ ላይ ያለው ኢኤልዲ (ጉዞውን የሚመዘግበው መሣሪያ) መኪናው መጨረሻ የቆመበትን ቦታ ያሳያል። ቦታውን ካርታ ላይ አውጪና የየትኛው ካውንቲ እንደሆነ እዪ። ትራኩ ተጎትቶ ከሆነ የጎተተው ድርጅትም የትኛው ፖሊስ እንደጠራው ያውቃል።

ከዚያ የካውንቲውን ስም ጽፈሽ "ሸሪፍ" (የካውንቲው የፖሊስ አለቃ) እና "ጄል ሮስተር" (የእስረኞች ዝርዝር) ወይም "ኢንሜት ሰርች" (የእስረኛ መፈለጊያ) ጨምሪበት። የሚወጣው ዝርዝር ብዙውን ጊዜ ስም፣ ዕድሜ፣ የገባበት ቀንና ሰዓት፣ ክሱንና የቦንዱን (የዋስትናውን ገንዘብ) መጠን ይይዛል። አንዳንዱ ፎቶም አለው። ማየቱ በነፃ ነው።

እኔ ካውንቲውን አውቄዋለሁ። ግን ሮስተር የሚባል ነገር የላቸውም።

በገጠር ይሄ የተለመደ ነው። አንዱ በየጠዋቱ አንድ ገጽ ፒዲኤፍ ይለጥፋል። ሌላው ፌስቡክ ላይ ያወጣል። ሌላው ምንም አያወጣም። ካውንቲ ሲባል ትልቅ ነገር አታስብ፤ የቴክሳሱ ላቪንግ ካውንቲ በ2020 ቆጠራ የተመዘገበበት ሰው 64 ብቻ ነው።

ስለዚህ ደውል። 911 ሳይሆን የሸሪፉን መደበኛ ቁጥር። ትንሽ ቦታ ላይ የፖሊስ ሬዲዮውንም የጄሉንም ስልክ አንድ ሰው ሊይዘው ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ይነሳል። ስሙንና የልደት ቀኑን ስጥና አምስት ነገር ጠይቅ፦ እናንተ ጋ አለ ወይ? ክሱ ምንድነው? ቦንዱ ስንት ነው? ሌላ ቦታ የሚፈልገው አለ ወይ? ፍርድ ቤት የሚቀርበው መቼ ነው? በጨዋነት ከጠየቅህ በሁለት ደቂቃ ታልቃለህ። ከከተማ ጄሎች ይልቅ የገጠሮቹ ስልክ ላይ ሰው ሆነው ነው የሚያናግሩህ። ይሄን የምለው ከልምዴ ነው።

የራሱ ጄል የሌለው ካውንቲም አለ። እስረኛውን ጎረቤት ካውንቲ ያስቀምጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ካውንቲዎች አንድ ጄል በጋራ ይጠቀማሉ፤ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የአካባቢ ጄሎቹን የሚያስተዳድረው ስቴቱ ነው። ኬንታኪ ከሄድክ ደግሞ ሸሪፉን ሳይሆን "ጄለር" የሚባለውን ፈልግ። እዚያ ጄለርነት ሕዝብ የሚመርጠው ሥልጣን ነው።

ስሙን አስገባሁ፤ "አልተገኘም" ይላል። ጄሉ ግን ያው ነው፣ እርግጠኛ ነኝ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ የሐበሻ መከራ ያለው እዚህ ስለሆነ።

መዝጋቢው ስሙን የሚገለብጠው ከመንጃ ፈቃዱ ነው። መንጃ ፈቃዱ ከፓስፖርቱ ተገልብጧል። ፓስፖርቱን የጻፈው ሰው ደግሞ እንደመሰለው ነው የጻፈው። "ተስፋዬ" አንዱ ጋ በዋይ ያልቃል፣ አንዱ ጋ በኢ። "ጸጋዬ" በቲ ይጀምራል ወይስ በኤስ? "ገብረማርያም" አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆነ "ገብረ" የመሀል ስም ሆኖ "ማርያም" የቤተሰብ ስም ይሆናል። ሰውየውን በ"ጂ" ስትፈልጊው እሱ "ኤም" ውስጥ ተቀምጧል።

ሁለተኛው የአባት ስም ነው። እኛ የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርገን እንፈልጋለን። ወረቀቱ ላይ ግን የአያቱ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ቪዛቸው ላይ "ኤፍኤንዩ" የተጻፈባቸው አሉ። የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም ማለት ነው። ፓስፖርቱ ላይ ሙሉ ስሙ በአንድ መስመር ከተጻፈ ቪዛው እንዲህ ይወጣል። ጄሉም እንዳለ ይገለብጠዋል። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሙሉ የፈለግሁት ልጅ "ኤፍኤንዩ" ሆኖ ዝርዝሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሦስቴ ሳላየው አልፌዋለሁ።

የልደት ቀንም አትመኚ። ቀኑ በትክክል ባልታወቀ ጊዜ "ጃንዋሪ 1" የተሞላላቸው ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያውን ቀን ሳይቀይሩ የሞሉም አሉ።

ዘዴው ቀላል ነው። የስሙን መጀመሪያ ሦስት ፊደል ብቻ አስገቢ። የራሱን ስም የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ ሞክሪው። ከሁሉ የሚሻለው ግን መፈለጊያውን ትቶ ዝርዝሩን ማንበብ ነው። የገጠር ጄል ሠላሳ አርባ ሰው ቢኖረው ነው። በገቡበት ቀን ደርድሪና ከላይ ወደ ታች ውረጂ፤ የሐበሻ ስም ዓይን ውስጥ ይገባል።

ከተያዘ አራት ሰዓት ሆነው፤ እስካሁን የለም።

ጠብቅ። አሻራ፣ ፎቶ፣ ዕቃ ቆጠራ፣ የጤና ጥያቄ እያለ ሰዓታት ይወስዳል። ታሞ ከሆነ መጀመሪያ ሆስፒታል ይወስዱታል። በተቃራኒው፣ ከተለቀቀ ስሙ ከዝርዝሩ ሊጠፋ ይችላል። "የለም" ማለት "አልገባም" ማለት ላይሆን ይችላል። ያለ ማዘዣ የተያዘ ሰውን ጉዳይ ዳኛ በ48 ሰዓት ውስጥ ማየት እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 ወስኗል። እሱ ካለፈ ጠበቃ ጥራ።

ካውንቲውን ፈጽሞ ማወቅ ካልቻልንስ?

"ቫይንሊንክ" የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ስቴቱን መርጠህ በስም ትፈልጋለህ። ሲለቀቅ ወይም ሲዘዋወር መልእክት እንዲመጣልህም መመዝገብ ይቻላል። የመጣው ከሐዘን ነው። ሜሪ ባይረን የምትባል ወጣት በ1993 ኬንታኪ ሉዊቪል ውስጥ በ21ኛ ልደቷ ቀን ተገደለች። ገዳዩ የቀድሞ የወንድ ጓደኛዋ ነበር። ከእስር መውጣቱን የነገራት አልነበረም። በዓመቱ ይህ ሥርዓት ተጀመረ። የተሠራው ለተጎጂዎች ቢሆንም ማንም ይጠቀምበታል። ሁሉም ካውንቲ ግን ውስጡ የለም።

አንድ ድረ ገጽ መዝገቡን ለማሳየት ገንዘብ ጠየቀኝ። ሌላ ሰው ደግሞ "ከሸሪፍ ቢሮ ነኝ፣ ቦንዱን በጊፍት ካርድ ክፈሉ" ብሎ ደወለ።

ለሁለቱም አንድ ሳንቲም እንዳይሰጡ። የመጀመሪያው በነፃ ያለውን ነገር ይሸጥልዎታል። ሁለተኛው ሌባ ነው። እናንተ የምታዩትን ሮስተር ሌባም ያየዋል፤ ስምና ክስ ጠርቶ ሲያወራ እውነት ይመስላል። ስልኩን ዘግተው ራስዎ ፈልገው ባገኙት ቁጥር ጄሉን ይደውሉ።

ቦንዱ 2,000 ዶላር ይላል፤ ከጎኑ ግን "ሆልድ" ተጽፏል። እንክፈል?

አትክፈሉ፣ መጀመሪያ ጠይቁ። "ሆልድ" ሌላ ቦታ ይፈለጋል ማለት ነው። የረሳው የትራፊክ ቅጣት ያመጣው ማዘዣ ሊሆን ይችላል። አይስም (የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ሊሆን ይችላል። በቦንድ ድርጅት በኩል የሚከፈለው፣ ብዙ ቦታ 10 በመቶ፣ አይመለስም። ከፍላችሁም እሱ ላይወጣ ይችላል።

አይስ ከወሰደው ከካውንቲው ዝርዝር ይጠፋል። አይስ የራሱ መፈለጊያ አለው፤ ባለ 9 አሃዙን የ"ኤ" ቁጥር (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥሩን) እና የትውልድ አገሩን ይጠይቃል። ቁጥሩ ግሪን ካርድ ወይም የሥራ ፈቃድ ላይ አለ። የቤተሰባችሁን ዛሬውኑ ጻፉና አስቀምጡ።

ትናንት ከጄል ደወለልኝ። ስለ ክሱ በአማርኛ አወራን፤ ችግር አለው?

አለው። ከጠበቃ ጋር ካልሆነ በስተቀር ጥሪው ይቀረጻል። "አማርኛ ማን ይሰማል" የሚሉ አሉ። እኔ እሰማለሁ! እንዲህ ያለ ቅጂ እንድተረጉም ተሰጥቶኝ ያውቃል። ደህንነቱን ጠይቂ፣ የጠበቃውን ስም ጠይቂ፣ በቃ።

ክሱ "ኮንትሮልድ ሰብስታንስ" (በሕግ ቁጥጥር ሥር ያለ ዕፅ) ይላል። ልጁ የያዘው ግን ጫት ነው። ተሳስተው ነው?

አልተሳሳቱም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነው። አገር ቤት የለመድነው ነገር እዚህ ከባድ ክስ ይሆናል። ዜጋ ካልሆነ "ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ልገላገል" እንዳይል። ፓዲያ የሚባል የትራክ ሾፌር ግሪን ካርድ ይዞ ከ40 ዓመት በላይ የኖረ፣ ቬትናም የዘመተ ሰው ነበር። ኬንታኪ ውስጥ ማሪዋና ጭኖ ተያዘና ጠበቃው "ይህን ያህል ኖረህ ለኢሚግሬሽን አትስጋ" አለው። አመነና መባረር መጣበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 እንዲህ ያለ ምክር የጠበቃ ጥፋት ነው ብሎ ወሰነ። ጠበቃውን በግልጽ "ይህ ኢሚግሬሽን ላይ ምን ያመጣብኛል?" ብሎ ይጠይቅ።

ኤምባሲ ይነገረዋል?

እሱ ከጠየቀ መነገር አለበት፤ የ1963ቱ የቪየና ስምምነት ይላል። ጥገኝነት ጠያቂ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጠበቃውን ያማክር።

ክሴ ተሰርዟል። ፎቶዬ ግን ስሜ በተፈለገ ቁጥር ይወጣል።

መታሰር ጥፋተኛ መባል አይደለም፤ ሮስተሩ ግን የመጀመሪያውን ቀን እንጂ መጨረሻውን አይጽፍም። መጨረሻው ያለው ፍርድ ቤት ነው። የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ ቢሮ ሄደህ ወይም ደውለህ ክሱ መሰረዙን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጣ። ከዚያ ስቴቱ የሚፈቅድ ከሆነ መዝገቡ እንዲዘጋ ታመለክታለህ፤ ደንቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ፎቶውን ለማንሳት ገንዘብ ለሚጠይቁ ድረ ገጾች ቶሎ አትክፈል። ጆርጂያና ቴክሳስን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች ይህን ንግድ በሕግ ገድበውታል። ወረቀቱን አያይዘህ ጻፍላቸው። አንድ ኮፒ ደግሞ ትራክህ ውስጥ ይቀመጥ፤ አዲስ ኩባንያ ስታመለክት መጀመሪያ የሚጠየቅህ እሱ ነው።