«ትወና አልወድም፤ ቲያትር ግን እወዳለሁ»

ከቱሉ ዲምቱ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጽፋልኛለች። የደብዳቤዋ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ በትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድም ቀን ግን ተውኜ አላውቅም። ዲኮር እሠራለሁ፣ ልብስ እሰበስባለሁ፣ ድምፅ እለቃለሁ። ሰው ፊት መቆም አልወድም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቲያትር ማጥናት እፈልጋለሁ። አባቴ ‹ተዋናይ ካልሆንሽ ቲያትር ምን ይሠራልሻል?› ይለኛል። ትምህርቱን ደግሞ ሳጠያይቅ የግሪክ ታሪክ፣ የቲያትር ስልቶች ምናምን አለው ተባልኩ። እኔ የምፈልገው መብራትና ዲኮር ነው። የግሪክ ታሪክ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ደስ ያለኝም እሱ ነው።

የጥንት ግሪኮች ቲያትር የሚያሳዩት ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። ተመልካቹ በተራራው ተዳፋት ላይ ይቀመጣል። ዋናዎቹ ተዋንያን በኋላ ላይ ሦስት ቢደርሱ ነው፤ አንዱ ሰው ጭንብል እየቀየረ ንጉሥም ይሆናል፣ መልእክተኛም ይሆናል። ታዲያ ጭንብሉን የት ይቀይር? ከመጫወቻው ኋላ አንድ ድንኳን ወይም ጎጆ ነበር። «ስኬኔ» ይሉታል። አውሮፓውያን ዛሬ ትዕይንትን የሚጠሩበት ቃል የመጣው ከዚያ ድንኳን ስም ነው። ልብ በይ። ስሙ የተወሰደው ልብስና ጭንብል ከሚቀየርበት ቦታ ነው፤ አንቺ ሁለት ዓመት ከቆምሽበት ቦታ ማለት ነው። የግሪክ ታሪክ የአንቺም ታሪክ ነው።

ሌላም ልጨምርልሽ። የሼክስፒር ተውኔቶች የታዩበት የለንደኑ ግሎብ ቲያትር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1599 ነው። እዚያም የሚጫወቱት ከሰዓት በኋላ፣ በቀን ብርሃን ነው። ሀምሌት ግን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት፣ በዘብ ጥበቃ ላይ ነው። ፀሐይ እያበራ ሌሊቱ ከየት ይመጣል? ከቃሉ ነው። ዘቦቹ ማን እንደመጣ ለማየት ይቸገራሉ፣ ስለ ብርዱ ያወራሉ፤ ተመልካቹ ጨለማውን በጆሮው ያየዋል። ጸጋዬ ገብረመድኅን ይህንን ተውኔት ወደ አማርኛ መልሶታል። አንድ ቀን የዚህ ተውኔት መብራት በአንቺ እጅ ቢወድቅ ምን ታደርጊያለሽ? መድረኩን ድቅድቅ አድርገሽ ቃሉ የሚሠራውን ትደግሚዋለሽ? ወይስ ብርሃኑን እንደበራ ትተይውና ቃሉን ታምኚዋለሽ? ታሪኩን የማያውቅ ባለሙያ ይህ ጥያቄ መኖሩንም አያውቅም። መብራቱን ያጠፋና ይሄዳል።

ስልት የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ኖርዌያዊው ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1879 የጻፈው የአሻንጉሊት ቤት የሚያልቀው በበር ድምፅ ነው። ሚስትየው ቤቷን ትታ ትወጣለች፤ ከታች በሩ ሲዘጋ ይሰማል፤ በቃ። እውነታዊ በሚባለው ስልት በሩ በር መሆን አለበት፣ ሲዘጋም ሆድን መምታት አለበት። የመጨረሻውን «ንግግር» የሚናገረው ከኋላ የቆመ፣ ማንም የማያየው ሰው ነው። ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ብሬኽት ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል። አምፖሎቹ ይታዩ፣ ተመልካቹ ቲያትር እያየ መሆኑን አይርሳ፣ ያስብ ይላል። ለኢብሰን የሠራሽውን ዲኮር ለብሬኽት ብትሰጪው ሥራው ይበላሻል። ስልቶቹን የምትማሪው ለዚህ ነው፤ ለፈተና ብቻ እንዳይመስልሽ።

የእኛም ታሪክ አለ። ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ከውጭ ትምህርታቸው ተመልሰው ፋቡላ የተባለውን የአውሬዎች ኮሜዲ ያሳዩት በ1913 ዓ.ም. ገደማ ነው። በእንስሳት ተረት ሹማምንቱን ስለነካ ታገደ። ከዚያ በ1927 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ በተቃረበበት ጊዜ፣ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ የዛሬው ሀገር ፍቅር ቲያትር ከእሱ የመጣ ነው። ብሔራዊ የምንለው ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል በቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ስም ተከፈተ። የመክፈቻው ተውኔት የመኮንን እንዳልካቸው ዳዊትና ኦርዮን ነበር። የመንግሥቱ ለማን ኮሜዲ፣ ጠልፎ በኪሴን፣ ፈልገሽ አንብቢ። ስታነቢ ማን በየት በኩል እንደሚገባና እንደሚወጣ ብቻ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ኮሜዲ የሚቆመው በበሮቹ ነው። ስትጽፊም «ቀኝ» ማለት የተዋናዩ ቀኝ እንጂ የተመልካቹ እንዳልሆነ አትርሺ።

አሁን ወደ አባትሽ። እሳቸው የሚያዩት መድረክ ላይ የቆመውን ሰው ነው፤ አይፈረድባቸውም። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ከመጋረጃው ጎን ቆሜ ቲያትር እንዳይ ፈቅዶልኝ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ቲያትር ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ጨለማ ነው። ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ጠረጴዛው የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው፣ ጣት ታህል እንኳ አይዛነፍም። አንዲት ልጅ ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ነጠላ በክንዷ ይዛ ቆማለች። ተዋናይቷ ከመድረክ እየሮጠች ወጣች። ልጅቷ የሰርጉን ልብስ ቁልፍ ከኋላ ፈታች፣ ነጠላውን አዘቅዝቃ ለሐዘን አለበሰቻት፣ ውኃ አጎነጨቻት፣ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ሁለቱም ቃል አልተነፈሱም። ሙሽራይቱ ሐዘንተኛ ሆና ተመልሳ ገባች። አዳራሹ አለቀሰ። የልጅቷን መልክ ግን ከእኔ በቀር ያየ ሰው አልነበረም።

ይህ ሙያ ነው። አልባሳት፣ ሜካፕ፣ መብራት፣ ድምፅ፣ ዲኮር፣ የመድረክ ኃላፊነት፣ ዝግጅት፤ ሁሉም ባለሙያ ይፈልጋል። ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልንገርሽ። በመድረክ ሥራ ብቻ መኖር ከባድ ነው፤ ገቢው አንድ ወር ይኖራል፣ አንድ ወር ይጠፋል። ግን ያው እጅ ለቴሌቪዥን ድራማ፣ ለፊልም፣ ለማስታወቂያ፣ ለሙዚቃ ድግስና ለሰርግ አዳራሽም ይሠራል። ለአባትሽ ይህን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። «ጥሩ ብር አለው» ብለሽ ብትዋሺያቸው በኋላ አያምኑሽም።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም የተሰየመ የቲያትር ትምህርት ቤት አለ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከተቋቋመው የቲያትር ክፍል ያደገ ነው። ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ። ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ራስሽ ሄደሽ የመግቢያ መስፈርቱን ጠይቂ፤ ከጓደኛ በሰማሽው ብቻ አትወስኚ። ስትሄጂ የሠራሻቸውን ዲኮሮች ፎቶ ይዘሽ ሂጂ። ፎቶ ከሌለሽ ከዛሬ ጀምረሽ አንሺ። ንድፉ በደብተር ይሁን፣ የተሠራው በስልክ ፎቶ ይሁን። ከሥሩ ምን ችግር ገጥሞሽ እንዴት እንደፈታሽው በሁለት መስመር ጻፊ። ከምስክር ወረቀት ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ እሱ ነው።

እስከዚያው አንድ ቲያትር ሁለት ጊዜ እዪ። በመጀመሪያው ታሪኩን እዪ። በሁለተኛው መብራቱን ብቻ ተከተዪ፤ ስንት ጊዜ ተቀየረ፣ ለምን? ከእናንተ ሰፈር መሃል ከተማ ለመድረስ ጊዜ ይፈጃል፣ ማታ ደግሞ ታክሲው መከራ ነው። ስለዚህ ቀን የሚታየውን ምረጪ፣ ከጓደኛ ጋር ሂጂ። ከትምህርት ቤትሽ ደብዳቤ አጽፊና የአንድ ቲያትር ቤት ልምምድ ለማየት ጠይቂ። አንዱ ቢከለክልሽ ወደ ሌላው ሂጂ።

ሌላ ሥራ ልስጥሽ። የኮንዶሚኒየማችሁን ኮሚዩናል ለአንድ ከሰዓት አስፈቅጂ። የክበባችሁ ልጆች የአሥር ደቂቃ ጭውውት ያምጡ። አንድ ጊዜ መስኮቱን ከፍታችሁ በፀሐይ ተጫወቱት፤ ቀጥሎ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ በአንድ አምፖል። አምፖሉን ከላይ፣ ከጎን፣ ከታች አድርገሽ ሞክሪ። የተዋናዩ ፊት እንዴት እንደሚቀየር ጻፊው።

የዓመቱ መጨረሻ ድራማችሁ ሲደርስ ደግሞ አባትሽን ጋብዣቸው። ግን ከተመልካቹ ጋር አታስቀምጫቸው። ከጎን፣ መጋረጃው አጠገብ፣ አንቺ ከምትቆሚበት ቦታ ወንበር አድርጊላቸው።